ልጄ ያልተቀበለችኝ በሶ

ዛሬ ባተርሲ በሚባል ሰፈር በተደረገ ውድድር ላይ ልጄ ማርታ የዘረጋሁላትን በሶ ሳትቀበል አልፋኝ ሮጠች።

ገና ሲነጋ ዋኝታለች፤ ቀኑን ብስክሌት ስትነዳ ውላ ማራቶኑ ላይ ነበረች። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ቀን የሚያጣምር ውድድር ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው።

በሶውን የበጠበጥኩት እኔ ነኝ። ድሮ ለፈተና ስትሄድ የምትበጠብጥላት እናቷ ነበረች፤ ነፍሷን ይማርና። እኔ እጅ ላይ ትንሽ ተጓጎለ።

"ያዢ እንጂ ልጄ" እያልኩ ጥቂት አብሬያት ሮጥኩ፤ ሩጫ ከተባለ። ራሷን ነቅንቃ ሄደች። አፍራብኝ ነው ብዬ ከፋኝ።

አጠገቤ የቆመችው የውድድሩ አስተባባሪ "ከቤተሰብ እጅ ከተቀበለች ከውድድሩ ትሰረዛለች" አለችኝ።

ያን ሁሉ ልፋቷን በአንድ ጠርሙስ በሶ ላጠፋባት ነበር። እሷ በዚያ ድካም ውስጥ ሕጉን አልረሳችም፤ እኔ ግን ቆሜ ተቀየምኳት። አንገቴን ደፍቼ "አቤቱ፣ ጉልበቷን አንተ ያዝላት" አልኩ።

አመሻሽ ላይ እያነከሰች ጨረሰች። ሜዳሊያው አንገቷ ላይ እንደገባ እጇን ዘረጋችልኝ።

"አባዬ፣ በሶዬስ?"

የተጓጎለውን ሳታስቀር ጠጣችው።

እናንተስ፣ ልርዳ ብላችሁ ልታበላሹ የደረሳችሁበት ቀን አለ? ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልሁን።