ከበሮ ሲሰማ የሚነሳ እግር

አባቴ መሪጌታ ነበር። ከጎጃም መጥቶ ቡታጅራ ላይ በማኅሌት አረጀ። በስተርጅና ያ እጅን የሚያንቀጠቅጥ፣ እግርን ከመሬት የሚያጣብቅ በሽታ ያዘው። የገዛ ቤቱን ደፍ መሻገር አቅቶት ሲቆም፣ እኔ ከኋላው ቆሜ እጠብቃለሁ። ክኒኑ ሲገኝ ትንሽ ያላቅቀዋል። ግን የታለና! ፋርማሲ በሄድኩ ቁጥር "ሌላ ቀን ተመለሺ" ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሌላ ሰው ነበር። ደግፌ አደርሰዋለሁ፤ ከበሮው ሲመታ መቋሚያውን ይዞ ከካህናቱ ጋር ይሸበሽባል፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ እግሩ ሳይሰናከል። ስንመለስም የማኅሌቱን ዜማ፣ ወረቡን፣ ከኋላው ካንጎራጎርኩለት ይራመዳል። ዝም ካልኩ ቀጥ ይላል። ስለዚህ የባጃጅ ሾፌሮች ቢስቁብኝም ዝም አልልም። ድምፄ ደግሞ አያምርም።

ይህን ለሚያክመው ሐኪም ነገርኩትና ከክኒኑ ጋር እንዲያዝለት ጠየቅኩት። ልጅ እግር ነው፣ ጨዋም ነው። "እህቴ፣ በጥናት ያልተረጋገጠ ነገር ማዘዝ አልችልም። አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም" አለኝ። እኔ ደግሞ ያለኝ አባት አንድ ነው።

አንድ ቀን ከማኅሌት ሲወጣ ደረጃው ላይ ወደቀ። አጥንቱ አልተሰበረም። ሐኪሙ ግን "አባባ፣ ከእንግዲህ ሽብሸባ የለም፤ ይረፉ" አለው። አባቴ የተማረ ሰው ቃል አይጥስም። መቋሚያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተኛ። እኔ ሐኪሙ ዘንድ ተመለስኩ።

"ዶክተር፣ መኝታውስ ተጠንቷል ወይ?" አልኩት።

"ለጥንቃቄ ነው" አለኝ።

ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢወድቅ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ተኝቶ ቢደርቅ ግን ማን ይጠይቀዋል?

ክረምቱ ሳይወጣ አባቴ ደረቀ። አገላብጠዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ። አንዳንዴ ቀና ብሎ "ሐኪሙ ፈቀደ?" ይለኛል። "ገና ነው አባዬ" እለዋለሁ።

የመስቀል ዕለት ጠዋት ከበሮው በድምፅ ማጉያ ቤታችን ድረስ ተሰማ። ብርድ ልብሱ ሲንቀሳቀስ አየሁና ገለጥኩት። ሁለቱ እግሮቹ ወረቡን ይመታሉ፣ አንዲት ሳይስቱ። ብብቱን ይዤ አነሳሁት። ጉልበቱ አልያዘውም፤ አልቆ አልቆ አጥንት ብቻ ቀርቷል። መልሼ አስተኛሁት፤ ከበሮው እስኪቆም እግሮቹን እያየሁ አለቀስኩ።

ለሐኪሙ ልደውል ስልኬን አንስቼ ነበር። ምን እለዋለሁ? ማስረጃዬ ያው አንድ ሰው ነው። መልሼ አስቀመጥኩት።