የቪፒኤን ቀብር

ባለፈው ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ ስልኳ ላይ አንዱን አፕ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ያዘችው። ስልኩ «ድርር» አለ። የዝንብ ክንፍ የምታህል ንዝረት ናት፤ ሴትዮዋ ራሷ ልብ ያለቻት አይመስለኝም። እኔ ግን ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ አናቴን ከጣሪያው ጋር አላተምኩት። ረዳቱ «ወራጅ ነህ?» አለኝ። አይደለሁም አልኩት። ዋሽቼዋለሁ። ያን ጊዜ እኔ ብዙ ዓመት ወደኋላ ተመልሼ፣ ቡራዩ አስፋልቱ ዳር፣ የቆርቆሮ ስልክ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ነበር።

የዚያችን ሱቅ ስፋት ብነግርህ አታምነኝም። ደንበኛ ሊያስነጥስ ሲል እኔ ውጭ ወጥቼ እጠብቅ ነበር። ቲነር ቲነር፣ የተቃጠለ ሽቦ፣ ዝናብ የመታው ቆርቆሮ ይሸታል። ጠዋት ፀሐይ በምስማር ቀዳዳዎቹ እየሾለከች ጠረጴዛው ላይ በተበታተኑት የስልክ ሆድ ዕቃዎች ላይ ነጠብጣብ ታፈስሳለች። በሩ ላይ «ሞባይልና ኮምፒውተር እንጠግናለን፣ ሶፍትዌር እንጭናለን» ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌ ነበር። ለኮምፒውተር መድኃኒቴ አንድ ነው፤ ፎርማት። ቫይረስ ይግባው፣ ድምፁ ይጥፋ፣ አይጥ ገመዱን ትብላው፣ ፎርማት። ስሜን ያስጠራው ግን ስልክ ነው።

ጊዜው ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር አዲስ አበባን ወደ እኛ ሊያሰፋ ነው፣ መሬታችን ሊሄድ ነው ተብሎ አገሩ የተነሣበት ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ነገ መንገድ። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ሸሚዜ ውስጥ ገብቶ በሦስት እጥበት አይለቅም። ኔትወርክ ቢኖርም ሰው የሚገናኝባቸው ገጾች አይከፈቱም። ቪፒኤን የሚባለው አፕ የመጣልን ያኔ ነው፤ የፊት በር ሲዘጋ በጓሮ የሚያስገባ።

ኢንተርኔቱ ከኤሊ ስለሚያንስ እዚያው አውርዶ መጫን አይታሰብም። እኔ አዲስ አበባ እወርድና አንድ ሆቴል ቁጭ ብዬ፣ አንዲት ማኪያቶ ለሦስት ሰዓት እየላስኩ፣ በዋይፋያቸው አወርደዋለሁ። በሜሞሪ ካርድ ይዤ ተመልሼ በብሉቱዝ ለሕዝቡ አድላለሁ። ስልኩ «ምንጩ ያልታወቀ ነው፣ ይጫን?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኔም ምንጩ እኔ ነኝ እያልኩ እሺን እጫናለሁ። አንዱ ስልክ ቦታ የለኝም ካለ የሠርግ ቪዲዮ ይጠፋለታል። ሌላው ተከፍቶ ወዲያው ከተዘጋ ቨርዥኑ አርጅቷል ማለት ነው። በየሁለት ሳምንቱ አሮጌው ይሞታልና አዲሱን ፍለጋ እወርዳለሁ፤ ሰውም ልጅ እንደሚያስከትብ ስልኩን ታቅፎ ይሰለፋል። ሙስሊሙ ባለሱቅ፣ ከደቡብ የመጣው ጴንጤ ግንበኛ፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ ሁሉም እኔ ጋ ይመጣ ነበር። ከአሸዋ ሜዳ እስከ ገፈርሳ ላለ ስልክ ሁሉ የክርስትና አባቱ እኔ ነበርኩ ብልህ ብዙ አልዋሸሁም።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ባለወፍጮው ነበሩ። በእኛ ሠፈር ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት ነው፣ ከተባለ እሳቸው ናቸው። እርሻቸው ቤት ሲሠራበት ወፍጮ ተከሉ። ሚስታቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ መልእክት የምትልክላቸው በድምፅ ነው። የድምፅ መልእክት ሲመጣላቸው ሞተሩን ያጠፋሉ። እህል የያዘው ሰው ሁሉ ጆንያውን ተደግፎ ይጠብቃል። «አባኮ፣ አከም ጅርቱ?» ትላለች ልጅቱ፣ አባቴ እንዴት ነዎት ማለቷ ነው፣ ከዚያ ያ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ፣ ዝናቡ ገባ ወይ፣ ማታ ማን ያበስልላቸዋል። ሠፈሩ በሙሉ ጉልበታቸው እንዴት እንደዋለ ያውቅ ነበር።

ገጾቹ የተዘጉ ሰሞን ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው መጡ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «የልጄ ድምፅ ጠፋ።»

አነጋገራቸው ሌሊት በግ የጠፋበት ሰው ዓይነት ነበር። ስልኩን ከፍቼ በጥርስ ብሩሽ ጠረግኩት፤ ከድምፅ ማጉያው ቀዳዳ የወጣው ዱቄት ለአንድ አራስ ገንፎ ይበቃል። ቪፒኤኑን ጫንኩላቸው። ወዲያው የተጠራቀሙ አሥራ አንድ መልእክቶች ተራ በተራ ገቡ። ኦቦ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በቆርቆሮዬ በር ላይ ቆመው ሁሉንም ሰሙ። ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል፤ ማንም ቶሎ በሉ አላላቸውም። ሲጨርሱ መዳፌን ይዘው ሳሙት። እኔ ምን አልኩ መሰለህ? «ኦቦ፣ እጄ ቲነር ነው፣ እንዳያሰክርዎት» አልኩ። እንዲህ ነበርኩ። ቁም ነገር ሲመጣብኝ በቀልድ እሸሸዋለሁ።

ከዚያ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኬላ ላይ ከሚኒባስ እያስወረዱ ስልክ ይፈትሹ ጀመር፤ ቪፒኤን የተገኘበት ይወሰዳል ተባለ። በማግሥቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ያስጫነው ሰው ሁሉ ሊያስነቅል ቆሟል። ያ ሰልፍ አስፋልቱን ተከትሎ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሶ ነበር ብዬ ባወራ የሚያምነኝ የለም፤ እውነት የተናገርኩት አንዴ ቢሆን ይህን ነው።

የእያንዳንዱን ስልክ እየተቀበልኩ ባጠፋ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ስለዚህ በርጩማ ላይ ወጣሁና ቀብር አስፈጻሚ ሆንኩ። ወገኖቼ፣ ሟች ቪፒኤን ከዘመድ ያገናኘን፣ በክፉ ቀን የደረሰልን ነበር አልኩ። ሰው መፍራቱን ለመርሳት ሰበብ ሲፈልግ ኖሯል፣ ይስቃል። ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡ አልኩ። አፑን ጫን አድርጉና ያዙ፤ ስልኮቹ በያሉበት «ድርር» አሉ። ወደ ላይ ጎትቱ። ልቀቁ። አንዲት እናት የምር ጉንጫቸውን እየነጩ «ወይኔ» ሲሉ ሱቋ በሳቅ ልትፈርስ ደረሰች። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አስቄ አላውቅም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ። በብዙዎቹ ስልኮች ላይ ወደ ላይ ጎትተህ ስትለቀው አፑ ይነቀላል። በአንዳንድ ርካሽ ስልኮች ላይ ግን የሚነሣው ከፊት ያለው ምስል ብቻ ነው፤ አፑ ሆዱ ውስጥ ይቀራል፤ ለማጥፋት ሴቲንግ መግባት ያስፈልጋል። ይህን ቡራዩ በሙሉ ባያውቅ እኔ አውቅ ነበር። እንጀራዬ ነው። የኦቦ ስልክም ከዚያኛው ዓይነት መሆኑን አውቅ ነበር፤ በገዛ እጄ ፈትቼ ዱቄቱን የጠረግኩት ስልክ ነው።

ኦቦ በሩ አጠገብ ነበሩ። ስልካቸውን በሰው ራስ ላይ ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

«ኢልማ ኮ፣ እስቲ እየው። ሄዷል?»

ከበርጩማዬ አልወረድኩም። ከሦስት ሰው ጀርባ አየሁት፤ ምስሉ የለም።

«ሄዷል፣ ኦቦ። አፈር ለብሷል።»

«ፈጽሞ?»

«አርባውም ወጥቷል።»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ የልጃቸው ነገር እንዴት እንደሚሆን ጠየቁኝ። ጊዜው ሲያልፍ እመልስልዎታለሁ፣ ድምፅዋን እኔ ራሴ አመጣልዎታለሁ አልኩ። እሺ ብለው ስልኩን በመሐረባቸው ጠቅልለው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን የወፍጮው ቺንጋ፣ ሞተሩ የሚዘውረው ቀበቶ፣ ተበጥሶባቸው ሊገዙ መርካቶ ሲወርዱ ሚኒባሱ ኬላ ላይ ቆመ። ወሬውን ያመጣልኝ የዚያው ሚኒባስ ረዳት ነው። ኦቦን ወሰዷቸው አለኝ። በምን ብለው፣ በስልክ አለ። አይሆንም፣ ያንን ቀብረነዋል አልኩት። ረዳቱ ትክ ብሎ አየኝ።

«ከፊቱማ የለም» አለ። «ፈታሹ ሴቲንግ ገብቶ አወጣው። ኦቦ ጠፍቷል፣ ሞቷል እያሉ ይምሉ ነበር። ምለው አላሳመኑትም።»

እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ፤ ሮጬ ኬላ የሄድኩ እንዳይመስልህ። ሜሞሪ ካርዱን ሽንት ቤት ጣልኩት፣ ሱቁን ዘጋሁ፣ ሳይመሽ ሆለታ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ማን ጫነልህ ብለው ይጠይቋቸዋል፣ እሳቸውም ይናገራሉ፣ ለምን አይናገሩም እያልኩ አሰብኩ። መኪና በቆመ ቁጥር የአክስቴ አልጋ ሥር ነበርኩ፤ ከእሷ ዶሮዎች ጋር እስክንተዋወቅ ድረስ። አክስቴ ቀልደኛው ምን ሆነ ብላ ለጎረቤት ታወራ ነበር። ወር ከምናምን ቆየሁ። ማንም አልመጣም። ማንም አለመምጣቱ ገርሞኝ እንጂ ምክንያቱን ልብ ብዬ አልጠየቅኩም።

ምክንያቱን የሰማሁት ተመልሼ ሱቁን ከከፈትኩ በኋላ ነው፤ አብሯቸው ታስሮ ቀድሞ የተፈታ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነገረኝ። ማን ጫነልዎ ሲሏቸው ኦቦ «እኔ ራሴ» ብለዋል። ማንበብ ይችላሉ? አልችልም። ታዲያ እንዴት ጫኑት? እኔ ራሴ ነኝ። መርማሪው መጀመሪያ ሳቀ አለ ሾፌሩ። ከዚያ መሳቁን ተወ። በዚህ በአንድ ቃላቸው የተነሣ ሌላው ሲወጣ እሳቸው ቆዩ።

ሲፈቱ ፀጉራቸው ተላጭቶ፣ ኮታቸው ሰፍቷቸው መጡ። ስልካቸውን አልመለሱላቸውም። ወደ ወፍጮው ሳይሄዱ ቀጥታ እኔ ጋ መጥተው፣ ድምፅዋን አመጣለሁ ብለህ ነበር አሉኝ። የልጅቱ ቁጥር ያለው ያ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው፤ ቢያንስ የራሳቸውን ቁጥር እናስወጣና እሷ ትፈልጋቸው ብዬ ሲም የሚሰጥበት ቢሮ ይዣቸው ሄድኩ። ሲሙ ለካ በልጅቱ ስም ነው፤ ልትሄድ ስትል በራሷ መታወቂያ አውጥታ የሰጠቻቸው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ባለቤቷ በአካል ትቅረብ አለች። ባለቤቷ አረብ አገር ናት አልኩ። ስትመጣ ትቅረብ። ኦቦ አማርኛው ጠፍቷቸው አይደለም፤ ግን ምን አለች ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ።

ከዚያ ሰው በሚገናኝባቸው ገጾች ላይ በስሟ ፍለጋ ገባሁ። የስሟ ሞክሼ እልፍ ነው፤ ግማሾቹ በፊታቸው ፈንታ ጽጌረዳ የለጠፉ ናቸው። ለሁሉም አባትሽ ባለወፍጮ ናቸው ወይ ብዬ ጻፍኩ። አብዛኞቹ ዘጉኝ። አንዷ አባቴ ከሞተ ቆየ፣ አንተ ግን ማነህ ብላ መለሰችልኝ፤ ያንን ለኦቦ አላነበብኩላቸውም። እሳቸው በየቀኑ ከሰዓት መጥተው ደጄ ላይ ይቀመጣሉ። በኋላ ልጅቱ ራሷ ከአረብ አገር መጥታ ነበር ሲሉ ሰማሁ። የመጣችው አባቷ ካረፉ በሁለተኛው ዓመት ነው። እኔ ያኔ ሱቁን ሸጬ ወጥቻለሁ።

ከሁሉ የማይለቀኝ ግን እሳቸው በሕይወት ሳሉ የነበረ አንድ ከሰዓት ነው። ዝናብ ጥሎ ያባራበት፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ውሃ የሚንጠባጠብበት። ከሁለታችን በቀር ሰው የለም። ኦቦ ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲያዩት ቆዩና ያለ ምንም መግቢያ ጀመሩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ይህ የገበሬ ጣት ነው፤ እንጨት ሆኗል። ያን ቀን ስጫነው ስልኩ አልሰማኝም መሰለኝ። አንተማ በደንብ አስተምረኸን ነበር።»

ነገሩ ሁሉ አፌ ላይ መጣ። ስልኩን አውቀው ነበር፣ ከበርጩማዬ ልወርድ ይገባኝ ነበር፣ ሰው ስለሳቀልኝ ነው ያልወረድኩት፣ ጣትዎ ምንም አላጠፋችም። ቀና ብለው አዩኝ፤ ይህን እንድላቸው የሚጠብቅ ሰው አስተያየት አልነበረም፤ እንዲሁ ነው ያዩኝ። በገዛ ቀብሩ ላይ ሳይቀር ይቀልዳል የሚሉኝ ሰውዬ አንድ ቃል ፈለግኩ።

«ይሆናል፣ ኦቦ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያቺንም ጣት፣ አጥፍታ እንደተያዘች ልጅ፣ በሌላው እጃቸው ሸፈን አደረጓት።