አማቴ፣ እጄና የክትፎው ቅቤ

ቡታጅራ በተዳርኩበት ዓመት የባሌ ዘመድ ከፊቴ በፊት ያየው እጄን ነው። ችፌ ነበረብኝ። ጣቶቼ መሃል ይቀላል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ያሳክካል፤ ማሳከክ ስላችሁ የትንኝ ንክሻ እንዳይመስላችሁ! አስተማሪ ነኝ። ጠመኔው ሲያባብስብኝ ጣቴን በጠረጴዛው ጠርዝ ስፈትግ ተማሪዎቼ በሳቅ ይፈርሳሉ።

አማቴ ክፉ አልነበሩም፣ ፈሩ እንጂ። ቆዳው የታመመ ሰው ሁሉ ቁምጥና ያዘው ሲባል ሰምተው ያደጉ ናቸው። በገባሁ በሳምንቱ ኩባያዬ ተለየ፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታሰረበት።

«ለክብርሽ ነው» አሉኝ።

ክብር! ባሌን ስጠይቀው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

እኔም ሞኟ፣ ቆሻሻ ናት እንዳልባል በቀን አሥር ጊዜ እጄን በልብስ ሳሙና እፈትገዋለሁ። በፈተግኩት ቁጥር ይብሳል፣ በባሰ ቁጥር እፈትገዋለሁ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ያለ ጓንት እጄን ይዛ ስታገላብጠው እንባዬ መጣ።

«ችፌ ነው፤ ወደ ሰው አይተላለፍም» አለች። «በሳሙና የጨረስሽው አንቺው ነሽ።»

ጠመኔውን በወረቀት ጠቅልለሽ ያዢ፣ የልብስ ሳሙና ይቅር፣ ጥፍርሽን ቁረጪ፣ ከታጠብሽ በኋላ ቆዳሽ ሳይደርቅ ቫዝሊን ተቀቢ አለችኝ። ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፣ ግን ይገራል።

ይህን ሁሉ ለአማቴ ስነግራቸው ጆሯቸው የገባው ቫዝሊኑ ብቻ ነው።

«ቫዝሊን? ቫዝሊን እኮ ላም ለሌለው ሰው ነው! ከዚህ ቤት ወጥቶ የሱቅ ቅባት? ሰው ምን ይለናል?»

መስቀል ሦስት ቀን ቀርቶታል። ጓዳው በቅቤ ተሞልቷል፣ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ እየገባ ነው። በመስቀል አዲስ ምራት አማቷን በእጇ ማጉረሷ አይቀርም፤ አማት አልበላም ካለች ወሬው ከእንግዶቹ ጋር መርካቶ ይገባል። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነበር።

አማቴ ጓዳ ገብተው ከክትፎው ቅቤ አንድ እፍኝ ዝቀው መጡ። ራሴው ልቀባ ብል «አንቺ ደግሞ ቅቤ መቀባት የት ታውቂያለሽ!» ብለው እጄን ነጠቁና ያሹት ጀመር። እልሃቸው ፍርሃታቸውን አስረሳቸው። ቅቤው በሚጥሚጣ የተለወሰ መሆኑንም አብሮ አስረሳቸው። የእሳቸው መዳፍ ዕድሜ ልኩን ሚጥሚጣ የለመደ ነው፣ ምን ይሰማዋል?

«ኧረ ተቃጠልኩ!»

«እሰይ! በሽታው እየወጣ ነው!»

«እማማ፣ የምትወጣው ነፍሴ ናት!»

ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሬ እጄን ባልዲ ውስጥ ነከርኩ። ድመቷ ቅቤ ሸቷት ከባልዲው አልላቀቅ አለች። አማቴ መዳፋቸውን አሸተቱ።

«ውይ በሞትኩት! ሚጥሚጣ!»

እጄን መንካታቸውም ያኔ ነው የታወቃቸው። መዳፋቸውን ቀስ ብለው ከቀሚሳቸው ኋላ ደበቁ።

ሦስት ቀን ሙሉ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ላይ መዳፋቸውን ሲያገላብጡ አየሁ። አንዴማ ባሌን ጠርተው «እስቲ እየው፣ ይቺ ነገር ድሮም ነበረች?» አሉት። የድሮ የቢላ ጠባሳ ናት። ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ። ቫዝሊኔን ግን ተደብቄ ጠዋት ማታ መቀባቴን አልተውኩም።

የመስቀል ዕለት ክትፎው በኮባ ቅጠል ቀረበ፣ ቆጮው ተቆረሰ፣ የቀንድ ማንኪያው ታደለ። ቤቱ በእንግዳ ጢም ብሏል። እጄ አልዳነም፤ ቀልቷል፣ ቫዝሊኑ ያብለጨልጫል። በማንኪያ ከሆነ እንኳ ይቀበሉኛል ብዬ ዝቄ ወደ አማቴ ዘረጋሁ። ማንኪያውን አዩት። የራሳቸውን መዳፍ አንድ ጊዜ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ምነው፣ እጅ የለሽም እንዴ?» አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

ማንኪያውን ጥዬ ክትፎውን በቆጮ ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። አላምጠው አላምጠው ዋጡና ለእንግዶቹ ዞር ብለው ተናገሩ።

«ሚጥሚጣ ያንሰዋል።»