በነሐሴ ጠዋት የተፈተነ

ሀሩን ሙቀት የሚፈራ ሰው አልነበረም። ወላጆቹ በሰባ ሰባት ከወሎ ተጭነው መጥተው፣ ጋምቤላ፣ አቦቦ ውስጥ ከስም ይልቅ ቁጥር ከተሰጣቸው የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው የወለዱት። እዚያ ተወልዶ፣ በጥር ፀሐይ ጥጥ ሲለቅም ያደገ ልጅ ሙቀት ቢፈራ ኖሮ መፈጠሩንም በጠላ ነበር። አሁን ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ልቡ መራድ ይጀምራል። የግድግዳውን ሙቀት መለኪያ በየሩብ ሰዓቱ ሄዶ ያያል። አርባ ሲል ምራቁ ይደርቃል፤ አርባ ሦስት ሲል መቀመጥ ያቅተዋል። ሰዎች ወባ ይዞት ይሆናል ይሉታል።

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። እናቱ ለጎረቤት "ልጄ ሐኪም ቤት ነው የሚሠራው" ትላለች፤ ምን እንደሚሠራ ብትጠየቅ ግን ወሬ ታስቀይራለች። ሠራተኞቹም ቢሆኑ ስሙ ትዝ የሚላቸው ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ ብቻ ነው። እሱ ግን በከተማው ማንም የማያውቀው ሌላ ሥራ አለው።

ከሰባት ዓመት በፊት ለጤና ጣቢያው አሮጌ ኮምፒውተሮች በእርዳታ መጡ። የኔትወርክ ካርዳቸው፣ ማለትም ኬብሉ የሚሰካበትና መረጃ ከማሽን ወደ ማሽን የሚያሳልፈው ክፍል፣ በየሰዓቱ ቀጥ ይላል። ሀሩን የጫነባቸው ስርዓተ ክወና ማንም ውስጡን አይቶ ሊያስተካክለው የሚችል ነበር፤ ከርነል የሚባለውን እምብርቱን በዓለም ላይ የተበተኑ ሰዎች በኢሜይል እየተጻጻፉ ይንከባከቡታል። ካርዱን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ከፍቶ ማንበብ ጀመረ። ስድስት ወር ፈጀበት። ስህተቱን አግኝቶ እርማቱን ላከ፤ ከዚያ ሌላ ላከ፤ ከዚያም ሌላ። ድራይቨሩን ሃያ ዓመት የያዙት ሽማግሌ አንድ ቀን "ዓይኔ ደክሟል፣ ይህን ካርድ የሚጠቀም ሰውም እዚህ እኛ ጋ አልቀረም፤ አንተ ትይዘዋለህ?" ብለው ጻፉለት። ያዘው። የትኛው ክፍል በማን እጅ እንዳለ በሚዘረዝረው ፋይል ውስጥ ስሙ ገባ። ያን ዕለት ባሮ ወንዝ ዳር ብቻውን ሄዶ ለረጅም ሰዓት ተቀምጧል፤ ደስታውን ለማን ይንገረው?

በዚያ ሥራ አንድ ወግ አለ። ማሻሻያ የጻፈ፣ የፈተነ፣ የተቀበለ ሁሉ ከሥሩ ስሙን ያኖራል። ስም ማኖር እንደ መማል ነው፤ ነገሩ ከተበላሸ ዓለም ሁሉ ያንን ስም አንብቦ ይመጣል። ባለፈው ነሐሴ ሀሩን የማያውቀው አንድ ሰው ማሻሻያ ላከለት። በኬብል የመጣ መረጃ መንገድ ላይ ተበላሽቶ እንዳይሆን ኮምፒውተሩ ራሱ እየደመረ ያመሳክር ነበር። ሰውየው "ማመሳከሩን ለካርዱ እንተውለት፣ ፍጥነት ይጨምራል" አለ። ሀሩን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ፈተነው። ውጭ ዝናብ ይወርዳል፣ በመስኮቱ ቀዝቃዛ አየር ይገባል። ሻይ እየጠጣ አንድ ፋይል አሥር ሺህ ጊዜ ከማሽን ወደ ማሽን ላከ፤ አንዴም አልተበላሸም። "ተፈትኗል" ብሎ ስሙን ጻፈ፤ ጥቂት ቆይቶ በጤና ጣቢያው ኮምፒውተሮች ላይም ጫነው።

እስቲ ጋምቤላን በነሐሴ ጠዋት የፈተነ ሰው ምን ፈተነ ይባላል! ሰነፍ ሆኖ አልነበረም፤ ያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ መብራት ስለሚጠፋ ነው። ይህን ሰበብ ለራሱ ስንት ጊዜ ነግሮታል፤ አንድ ቀን እንኳ አላሳረፈውም።

መጋቢት ገባ። ሰርቨሩ፣ የየክፍሉ ውጤት ሁሉ የሚያልፍበት ማሽን፣ ያለበት ክፍል ቆርቆሮ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ አልጋ እንኳ የማያስገባ ጠባብ ነገር ነው። አቧራ እንዳይገባ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ይህን ሕግ ያወጣው ሀሩን ራሱ ነው፣ ከእሱ ሌላ የሚገባም የለም። ማራገቢያው ተቃጥሎ ሳምንት ሆኖታል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኛኳች መዝገቧን ታቅፋ መጣች። የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ አማርኛን በትምህርት ቤት የለመደች ኑዌር፣ ሳትቀልድ ሰላምታ የማትሰጥ ሴት። ዛሬ አልቀለደችም።

"ሀሩን፣ እኔ ጥፋት ሠራሁ።"

"ምን ሆንሽ?"

መዝገቡን ገለጠች። "ኛዱዎፕ የምትባል ነፍሰ ጡር አለች። ትናንት ከሰዓት ነው የመጣችው። የደሟን መጠን የለካሁት እኔ ነኝ። መዝገብ ላይ በእጄ አምስት ነጥብ አራት ብዬ ጽፌያለሁ። አሁን ሪፖርት ስሠራ እናቶች ክፍል፣ ሲስተር የሺአረግ ጋ በኮምፒውተር የሄደውን አየሁ፤ ሰባት ነጥብ አራት ይላል። ስጽፍ ሰባትን ነክቼ ነው መሰለኝ።"

ሀሩን ሐኪም ባይሆንም እዚያ ቤት ስንት ዓመት ሠርቷል። ሰባት ነጥብ አራት ማለት ደም አንሷታል፣ የአይረን ኪኒን ይዛ ወደ ቤቷ ትሂድ ማለት ነው። አምስት ነጥብ አራት የሆነች፣ መውለጃዋ የደረሰ ሴት ግን ደም ሳይሰጣት ቤቷ ከወለደች፣ ሌላ ሴት የምትችለው መድማት እሷን ይዟት ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሌላ ነገር ነበር የመታው። አምስትና ሰባት ለሰው ዓይን ይራራቃሉ፤ በማሽኑ ውስጥ ግን የሚለያቸው አንዲት ቢት፣ ዜሮ ወይም አንድ የምትሆን አንዲት ምልክት፣ ብቻ ናት። እጅ ስቶ ሳይሆን መንገድ ላይ ሊለወጥ የሚችል ቁጥር ነው።

"አሁኑኑ ለሲስተር ልነግራት ነው" አለች ኛኳች። "ኮንትራቴ ሰኔ ላይ ያልቃል። እንግዲህ ምን ይደረጋል።"

"ቆይ" አላት። "ሩብ ሰዓት ስጪኝ፣ ማሽኑን ልየው።"

አመነችው። እሷ ወደ ላብራቶሪ ሄደች፣ እሱ ጫማውን አውልቆ ገባና በሩን ከውስጥ ቆለፈ። በነሐሴ የላከውን ያንኑ ፋይል እንደገና ላከ። መለኪያው አርባ አራት ይላል። ሺህ ጊዜ ልኮ ሁለቱ ተበላሽተው ደረሱ። ካርዱ ሲግል ፊደል ይለውጣል፣ ከዚያ "አመሳክሬያለሁ፣ ደህና ነው" ብሎ ያልፋል። ኮምፒውተሩም አምኖ ይቀበላል፤ እንዲያምን የፈቀደለት ሀሩን ነው። አሮጌውን ድራይቨር መልሶ ጫነ፣ እንደገና ሞከረ። የተበላሸው ሁሉ እየተያዘ ተጣለ። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ያኔ ተነስቶ መውጣት ነበረበት። አልወጣም።

ፈራ። ምን አለ ዙሪያ ጥምጥም የሚያስኬድ፣ ፈራ ነው እንጂ። የሰባት ዓመት ሥራው፣ ያ ፋይል ውስጥ ያለች ስሙ፣ እዚህ ያለው ደመወዙ፣ የእናቱ "ሐኪም ቤት ነው የሚሠራው" ማለት፣ ሁሉም ባንዴ ታዩት። ከዚያ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ሐሳብ መጣ፦ ማንም አያውቅም። በዚህ ከተማ ያንን ኮድ ከፍቶ የሚያነብ ሰው የለም። ድራይቨሩ ተመልሷል፣ ስህተቱ ቆሟል፣ ኛኳችም የእኔ እጅ ነው ብላለች። ዝም ቢል ነገሩ በእሷ ስም ይዘጋል።

በሩ ተንኳኳ። እስትንፋሱን ያዘ። ቆይቶ እንደገና ተንኳኳ። እጁን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገ፣ ጣቱን ሳያንቀሳቅስ፣ ላቡ ከአገጩ ሲንጠባጠብ እያየ ተቀመጠ። እርምጃዋ ራቀ። ሰዓቱን አየ፤ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲንኳኳ ከፈተ። ድፍረት አግኝቶ ግን አልነበረም፤ ክፍሉ ውስጥ አየር አጥቶ ነው። ኛኳች አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ቆማለች።

"ለሲስተር የምሰጠው ደብዳቤ ነው። ጽሑፌ አያምርም፣ አንተ ጻፍልኝ። 'ጥፋቴን አምናለሁ' የሚለው እንዴት ነው የሚጻፈው?"

ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረገ። የታካሚዋን ስም ጻፈ፣ ቀኑን ጻፈ፣ አምስት ነጥብ አራት የነበረው ሰባት ነጥብ አራት ሆኖ መተላለፉን ጻፈ። "ጥፋቴን አምናለሁ" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ስም የሚገባበት ቦታ ሲደርስ እጁ ቆመ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሥር የሚጽፈው አንድ ስም ብቻ ነበር። እሱኑ ጻፈ።

ኛኳች ጎንበስ ብላ አነበበች። "ይሄ ያንተ ስም ነው።"

"አዎ። ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ ትክክል ነው የጻፍሽው፤ መንገድ ላይ የለወጠው ማሽኑ ነው፣ ማሽኑን ያበላሸሁት ደግሞ እኔ ነኝ።"

የእናቶች ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር የሺአረግ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አላነበበችም። "የኮምፒውተራችሁን ወሬ ኋላ ታወሩኛላችሁ" ብላ ጮኸች። "ልጅቷ የት ናት?"

የታካሚ ካርዷ ላይ የተጻፈው "ጀዊ፣ አክስቷ ጋ" የሚል ነው። ስልኳ አይሠራም። አምቡላንሱ ኢታንግ ሄዷል። ሀሩን መንገድ ላይ ወጥቶ ጋትዌች የሚባል የባጃጅ ሹፌር አስቆመ፤ ከኛኳች ጋር ተሳፍረው ከከተማው ወጣ ወዳለው ጀዊ በረሩ። በረሩ ማለት የወግ ነው እንጂ ያቺ ባጃጅ በየጉድጓዱ ታቃስት ነበር። ሀሩን ግንባሩን የፊቱ ብረት ላይ ደግፎ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ይላል። መሃል መንገድ ላይ አዲስ ፍርሃት ደረሰበት።

"የደም ዓይነቷስ? እሱም በኬብሉ ነው የሄደው!"

ኛኳች መዝገቡን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። "በእጄ የጻፍኩት እዚህ አለ። ዝም በል አሁን።"

የአክስትየዋን ቤት ኛኳች በቋንቋዋ እየጠየቀች አገኘችው። ኛዱዎፕ ምንጣፍ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ ምጧ ከቀትር ጀምሯል። ከንፈሯ አመድ መስሏል። አክስትየዋ ውሃ አሙቃ፣ ጨርቅ አዘጋጅታ፣ እዚያው ልታዋልዳት ነበር። ኛኳች ተነሱ፣ ሆስፒታል እንሂድ ስትላት ሴትየዋ ተገረመች። ከትራስ ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥታ ለሀሩን አሳየችው፤ የሐኪም ቤት ሰው መሆኑን ከአለባበሱ ገምታ ይሆናል።

"ወረቀቱ ሂጂ ብሏታል" አለች በተሰባበረ አማርኛ። "ደህና ናት ብሏል።"

ሰባት ነጥብ አራት፣ በጥሩ ቀለም፣ ቀጥ ብሎ ታትሟል። ሀሩን ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ኛኳች የኛዱዎፕን ደም እንደ አዲስ በእጇ መረመረች፤ በኬብል ያለፈ ምንም ነገር አላመነችም። ደም ተሰጣት። ሴት ልጅ ወለደች፣ ብዙ ደማች፣ ተረፈች። በማግሥቱ ሲስተር የሺአረግ ሀሩንን ኮሪደር ላይ አግኝታ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። "ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ አንደርስም ነበር አለኝ። እግዜር ይስጥህ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይደብቅ ነበር።"

ሃያውና ሠላሳው ደቂቃ ሀሩን ጭንቅላት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ዛሬም አልተነሱም።

ከኛኳች ጋር ሦስት ቀን ሙሉ ሙቀቱ ከበረታበት ከጥር ወዲህ የተላለፈውን ውጤት ሁሉ ከእጅ መዝገቡ ጋር አመሳከሩ። ሌላ ሁለት ተገኘ፤ ሁለቱም ሰዎች በሕይወት አሉ፣ ተጠርተው እንደገና ታዩ። ለከርነሉ ሰዎችም ጻፈ። ማሻሻያው እንዲወጣ፣ የፈተነው እሱ እንደሆነ፣ በብርድ እንደፈተነው፣ በአርባ አራት ዲግሪ ምን እንደሆነ፣ አንዲት ሴት ልትሞት እንደነበር፣ አንዱንም ሳያስቀር ጻፈ፤ ከሥሩም ስሙን አኖረ። ስሜን ይሰርዙታል ብሎ ሲጠብቅ፣ "እኛ ጋ ይህን ሙቀት ማግኘት አንችልም፤ አንተ ባትኖር አናውቀውም ነበር" ብለው መለሱ። ይህም አላስደሰተው። እርማቱ ያልደረሰው አንድ ማሽን በሌላ ሞቃት አገር፣ በሌላ ቆርቆሮ ሥር፣ አምስቱን ሰባት እያደረገ ይሆናል ብሎ ያስባል። አሁን የመጣለትን ሁሉ ማራገቢያውን አጥፍቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚፈትነው። ሰኔ ላይ የመጣለትን መጋቢት እስኪደርስ አያሳልፈውም።

ኛዱዎፕ ልጇን ታቅፋ ለክትባት የመጣች ቀን፣ ላብራቶሪው በር ላይ "ማሌ" ብላ ሰላም አለችው፤ በቋንቋዋም ሌላ ነገር ጨመረች። ኛኳች እየሳቀች ተረጎመች፦ "ለኛ ብለህ ሮጠህ መጣህ፣ አመሰግናለሁ ትልሃለች።" ሀሩን አንገቱን ደፋ። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ኛኳች ጓንቷን እያጠለቀች ሳለ፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

"ያን ቀን ሁለቴ አንኳኩቼ ነበር።"

ሀሩን ፈጥኖ መለሰ። "አልሰማሁም። ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም… ለትንሽ ወጣ ብዬ ነበር።"

ኛኳች አሁን ቀና ብላ አየችው። ቁጣ ፊቷ ላይ አልነበረም።

"ጫማህ በር ላይ ነበር" አለችው። ከዚያ መዝገቧን ገልጣ የሚቀጥለውን ታካሚ ስም ጠራች።