አምስት ቦሎ ያላት ቀይ መኪና

ታላቅ ወንድሜ ባጃጁን ሰጥቶ አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና በለውጥ ሊወስድ መወሰኑን የነገረኝ ፊቱን እየታጠበ ነበር። ቤታችን የሚበላው ከባጃጁ ነው። እሱ ግን ሐሳቡ ሁሉ ሰርግ ላይ ነበር። ከቦንጋ እስከ ዋጫ የሚያገባ ሁሉ የሙሽራ መኪና ከሩቅ ያስመጣል፤ ዝቅ ያለች ባለ ሁለት በር መኪና እዚሁ ብትገኝ ማን ያልፋታል?

«መጀመሪያ በየዓመቱ መመርመሯን እናጣራ» አልኩት።

«ቦሎዎቹን መስታወቱ ላይ አይቻቸዋለሁ። አምስት ዓመት፣ አንድም ሳይዘለል!»

እኔን ያጠራጠረኝም ይኸው አለመዘለሉ ነው። ያኔ ሥራ አልነበረኝም፤ ግጥም መጻፍ ለራሴ አስተምሬ ቀኑን በዚያ እገፋ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ያውቀኛል። አምስት ስንኝ ሳያደናቅፈኝ ከወረደልኝ የሌላ ሰው እንዳይሆን እፈራለሁ።

ሻጩ ከመሃል አገር መጥተው ቦንጋ የከረሙ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ናቸው። ባጃጁን በራቸው ላይ አቁመን ገባን። ጓሮ ወስደው ሸራውን ገለጡልን። ወንድሜ መሪውን ሲያደንቅ እኔ ወደ ታች አየሁ። ጎማዎቹ መሬቱ ውስጥ ሰምጠዋል። ከሥራቸው የበቀለው ሙጃ የበሩ እጀታ ላይ ደርሷል።

«ጋሼ፣ መጨረሻ የተነዳችው መቼ ነው?»

«ምን ትነዳለች! ልጄ ከሄደ ወዲህ ማንም አልነካትም።»

«ከሄደ ስንት ጊዜው ነው?»

«አራት ዓመት።»

ወንድሜ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና በካፊኛ «ተው፣ ሰውየውን አታስቀይም» አለኝ።

«ይጠይቅ እንጂ!» አሉ ነጋዴው። «ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ስኖር ካፊኛ የማልሰማ መስሎህ ነው?»

ወንድሜ አፈረ። እሳቸው ገብተው የምርመራ ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልለው አመጡ። ፍሬን ደህና፣ መብራት ደህና፣ መሪ ደህና። በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት የተጻፈው የኪሎ ሜትር ቁጥር ግን አንድ ነው።

«ከዚህ ጓሮ ሳትወጣ እንዴት ተመረመረች?»

ይደነግጣሉ ስል ጭራሽ ኮሩ። «እኔ መኪና አላንገላታም! ወረቀቱን ለሚኒባስ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ምርመራ ጣቢያው ሰው አለኝ፤ በማግስቱ ቦሎው ይመጣል። ሰው ያለው ሰው መኪናውን ጭቃ አይነካትም።»

«እንግዲያማ የተመረመረው ወረቀቱ ነዋ።»

«አንተ ግጥምህን ግጠም፤ ጎማውን ለገጣጣሚው ተውለት» አሉኝና ወደ ወንድሜ ዞሩ። «የባጃጅህ ቦሎስ እንዴት ነው የመጣው?»

ወንድሜ የመኪናዋን መስታወት በእጁ ይጠርግ ጀመር። እኔም መሬት መሬት አየሁ። ባለፈው ምርመራ ዋዜማ ሦስት ጎማ ከጎረቤት ባጃጅ ተውሰን ነበር፤ ሁለቱን የተሸከምኳቸው እኔ ነኝ። ባጃጁ ምርመራውን ባለፈ ዕለት መለስናቸውና ያለቁትን የራሳችንን አሰርን። ባለ ባጃጅ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ምርመራ ሲደርስ ደህና ጎማ እንደ ዕድር ድንኳን ከቤት ቤት ይዞራል።

ነጋዴው ወደ ደጅ ወጡ፤ ተከተልናቸው። ጎንበስ ብለው የባጃጁን የፊት ጎማ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«መላጣ! የኔን ራስ እኮ ነው የሚመስለው።»

ወንድሜ ሊስቅ ሞከረ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ስማ፣ የኔ ቆማለች፤ ማንንም አትገድልም። ያንተ ሰው ይጭናል።» ይህን ብለው ሸራውን ሊያለብሱ ተመለሱ። ከእኛ ግን ቆይ፣ እንደገና እንያት ያላቸው አልነበረም፤ እንለዋወጥ ያላቸውም።

ስንነሳ ዝናቡ ጀምሯል። ወንድሜ ቁልቁለቱን እንደዚያ ቀን በዝግታ ሲወርድ አይቼው አላውቅም። መታጠፊያው ላይ ዘንቢል የያዙ ሁለት ሴቶች እጃቸውን ዘረጉ። ዝም ብሎ አለፋቸው።

«ቦታ አለን እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፤ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።