ለምጽ ያልኩ ዕለት

ጥፋቱ የኔ ነው። ሐኪሙ የነገረኝን ቃል እንዳለ ተሸክሜ ወደ ሰፈሬ፣ ዶሮ ማነቂያ ገባሁ። «ለምጽ ነው። አይገድልም፣ አይጋባም። የራስሽ ሰውነት የቆዳሽን ቀለም ጠላት መስሎት እያጠፋው ነው» ነበር ያለኝ። እኔ ሞኟ የመጀመሪያዋን ቃል አስቀድሜ አወራሁ፤ የቀረውን የሰማኝ የለም።

በወር በሰባት የሥላሴ ማኅበር አለን። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፤ እኔ እናቴ ስትሞት በእሷ ቦታ ገባሁ። ጸሎቱ ሲያበቃ ጠላው በአንድ ጽዋ ይዞራል፣ ሁላችንም ከዚያው እንጎነጫለን። ያን ዕለት እጆቼ ላይ የወጣውን ነጭ ነገር አይተው ምን ሆነሽ ቢሉኝ «ለምጽ ነው» አልኳቸው። አጠገቤ የተቀመጠችው ነጠላዋን ሰብስባ ፈቀቅ አለች። እነዚህ ሴቶች ለምጽ የሚለውን ቃል የሚያውቁት ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ሲነበብ ነው፣ ጌታ ከፈወሳቸው ለምጻሞች። ለእነሱ ለምጽ ማለት ጣት የሚቆርጠው ቁምጥና ነው። ቋቁቻ ነው ብል ኖሮ ሎሚ እሺበት ብለውኝ ያልፉ ነበር።

በሚቀጥለው ወር እትዬ፣ የማኅበሩ ሰብሳቢና የእናቴ ባልንጀራ፣ ለብቻዬ የፕላስቲክ ኩባያ አመጡልኝ። «ለእጅሽ ይቀልሻል ልጄ» አሉኝ። ጽዋው መቼ ከብዶኝ ያውቃል? ሌሎቹ ሲቀባበሉ እኔ ኩባያዬን ታቅፌ ቁጭ አልኩ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የጠጣችበት ጽዋ ነው። ጥዬ እንዳልወጣ ደግሞ ከእነሱ ሌላ ሰው የለኝም፤ ብታመም የሚጠይቁኝ፣ ብሞት የሚቀብሩኝ እነሱው ናቸው።

ስለዚህ መዳን ነበረብኝ። ጠዋትና ማታ ቅባት እቀባለሁ። ከፒያሳ ፋርማሲ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ አሥራ ሁለትና ፎሊክ አሲድ ገዝቼ እውጣለሁ። ፋርማሲስቷ «ቢያግዝ ነው እንጂ አያድንም» ብላኛለች፣ ቢሆንም እውጣለሁ። ከዚያ ፀሐይ። ሐኪሙ በልክ፣ ከአሥር ደቂቃ እንዳታልፊ ብሎኛል። ቤቶቻችን ተደጋግፈው ስለቆሙ ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ የምትገባው አራት ሰዓት ላይ፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ፣ የግቢ ጎረቤቴ የእትዬ መስኮት ፊት ለፊት ብቻ ነው። እዚያ በርጩማ ይዤ እጄን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። አንዱ የሰፈር አራዳ ወረፋ እየጠበቀ «ቻርጅ ላይ ነሽ? ስንት ፐርሰንት ደረስሽ?» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅለት ነበር፤ ያን ቀን ዘር ማንዘሩን ረገምኩ።

ስምንት ወር እንዲህ ከረምኩ። አንድ ጠዋት በነጩ መሃል የተልባ ፍሬ የሚያካክሉ ቡናማ ነጥቦች አየሁ። ቀስ በቀስ እየሰፉ ተገጣጠሙ፣ እጄም ወደ ራሱ ቀለም ተመለሰ።

በሰባት ማኅበር ሄድኩ። እትዬ እጄን ይዘው ወደ መብራቱ አስጠጉ፣ አገላብጠው አዩት። «ነጽተሻል» አሉኝ። ጸሎታችን ተሰማ ተባባሉ፣ እልል ተባለ። ስለ ቅባቱ፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለዚያ ሁሉ ፀሐይ ማንም አላነሳም። እኔም አሜን አልኩ፣ በራሴም አፈርኩ። ጽዋው ሲሰጠኝ ተንሰፍስፌ ጠጣሁ።

በዚያው ሳምንት ገላዬን ስታጠብ ጉልበቴ ላይ ሳንቲም የምታክል ነጭ አገኘሁ። ሐኪሙ አልገረመውም። «ያው ነው፤ ቅባቱን፣ ቫይታሚኑን፣ ፀሐዩን ቀጥይ» አለኝ። ለእሱ ቀላል ነው። ጉልበቴን ፀሐይ ለማስመታት እትዬ መስኮት ፊት ለፊት ቀሚሴን ሰብስቤ ልቀመጥ ነው? ቅባቱን እቀባለሁ፣ ክኒኑን እውጣለሁ። ፀሐዩን ግን ተውኩት፤ ቀሚሶቼንም ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ አስረዘምኳቸው። አሁን ነጩ ባቴን አልፎ ወርዷል። በወር በሰባት እግሬን ሸፍኜ እቀመጥና ጽዋው ሲደርሰኝ እጠጣለሁ።