በመስኮቱ ደፍ ላይ ሁለት ድንች

ኦርሶላ ድንች የምትልጠው ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ ነው። ቢላዋውን አታንቀሳቅሰውም፤ ድንቹን ነው በግራ እጇ የምታዞረው፣ ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ ይወርዳል። ከዚያ እያንዳንዱን አራት ቦታ ትቆርጥና ድስት ውስጥ ትጨምራለች። ድንቹ ከሥር፣ ካሮቱ ከላዩ፣ ሽንኩርቱ ከሁሉም በላይ። ውኃው ድንቹን ብቻ ይሸፍናል፤ ሌላው በእንፋሎት ይበስላል። ጨው፣ ክዳን፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። በሌላው እሳት ላይ ሥጋው ከቀትር ጀምሮ በቅቤና በቅርንፉድ ይንተከተካል፤ በሹካ ሲነካ ክር ክር እያለ ካልተለያየ አልበሰለም።

ሲበስል ውኃውን ታጠልላለች፣ ቅቤና ትኩስ ወተት ትጨምራለች፣ ትንሽ ገውዝ ትፈቀፍቅበታለች። በመጨፍለቂያ ትደቁሰዋለች እንጂ አታልመውም፤ ጓል ጓል እያለ ሲቀር ነው የሚጥመው። ሳህን ላይ ከምራ፣ ልክ እንደ ገንፎ መሐሉን በማንኪያ ጀርባ ታጎደጉድና የሥጋውን መረቅ ትሞላበታለች። እኛ ሆላንዶች ሁትስፖት የምንለው ይኸው ነው።

ይህን ያየሁት ባለፈው ኅዳር የጋዝ ምድጃዋን ልጠግንላት ገብቼ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጋዝ ስገጥም ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን መፍቻ የማነሣው ለጎረቤት ብቻ ነው። ምድጃው ብዙም ችግር አልነበረበትም፤ የአንዱ እሳት ቀዳዳ በቅባት ተደፍኗል፣ በመርፌ ጠረግሁት። እኩያዬ ናት፣ እዚህ ዴቬንተር ከተማ ግድግዳ ተጋርተን ሃያ ዓመት ኖረናል፣ ባሏ ሉበርት ሲሞትም ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ቤቷ ግን ምግብ ቀምሼ አላውቅም።

ብቻዋን ናት፣ ሦስት ድንች ይበቃታል። አምስት ስትልጥ አየኋት። ሰው ትጠብቂያለሽ ወይ ብላት አልጠብቅም አለችኝ። ለአሥራ ሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲሆን ዕቃዬን ሰበሰብኩ። እኛ ዘንድ የራት ሰዓት ሲደርስ ሰው ከሰው ቤት ይወጣል፤ ማንም አይቀየምም።

«ተቀመጥ፣ ኤፍርት» አለች። «ተቆጥሮልሃል። ጋዝ ሠሪ ሆድ የለውም እንዴ?»

ተቀመጥኩ። እየበላን ነገረችኝ።

አባቷ ጂልዶ ከሰሜን ጣልያን፣ ከፍሪዩሊ የመጡ የወለል ሠራተኛ ነበሩ። የእብነ በረድ ስብርባሪ ከሲሚንቶ ጋር ለውሰው ያነጥፋሉ፤ ሲደርቅ ተንበርክከው በድንጋይ ይሞርዱታል። ሚስታቸው ስትሞት አንዲት ልጃቸውን ይዘው ወደዚህ መጡ። ኦርሶላ በሃያ ሁለት ዓመቷ ሉበርትን አግብታ አማቷ ቤት ስትገባ፣ አባትየው ሦስት መንገድ አልፎ ኪራይ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ።

አማቷ ወይዘሮ ሄርሚና ጧት ጧት እያንዳንዱን ሰው ስንት ድንች እንደሚበላ ይጠይቁና በልኩ ይልጣሉ። ኦርሶላ መጀመሪያ ንፍገት መስሏት አለቀሰች። በእሷ መንደር ድስት የሚጣደው ለመጣ ሁሉ ነው። አባቷ ጋ ሄዳ «እንደ ጥይት እኮ ነው የሚቆጥሩት» ስትላቸው ሳቁ፤ ሰው አገር ገብተሽ ሙያቸውን ካልያዝሽ ሁልጊዜ እንግዳ ነሽ አሏት። ያዘችው። ዓመት ሳይሞላ አማቷ ለጎረቤት «የኔ ምራት ስታበስል አንዲት ድንች አትተርፍም» እያሉ ይኮሩባት ጀመር።

ከዚያ፣ በአንድ ኅዳር ረቡዕ፣ ልክ ራት ሲቀርብ ደወል ተደወለ። አባቷ ናቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ የካፖርታቸው ኪስ በሁለቱም በኩል አብጧል። ሳል ያቋርጣቸዋል። ኦርሶላ የሥራ ድንጋይ የያዙ መሰላት። ዘጠኝ ድንች ለሦስት ሰው፣ ሦስት የሥጋ ኳስ ለሦስት ሰው ቀርቧል።

«አባዬ፣ ራት ላይ ነን» አለቻቸው። «ከአንድ ሰዓት በኋላ ለቡና ና።»

«ምንም አይደል፣ በዚህ ሳልፍ ነው» አሉና ባርኔጣቸውን አደረጉ።

ተመልሳ ተቀመጠች። ማን ነው ሲሏት አባቴ ነው፣ ለቡና ይመጣል አለች። አልመጡም። ነገ አያቸዋለሁ ብላ ተኛች።

ጧት የወተት ጠርሙስ ልታነሣ በሩን ስትከፍት መስኮቱ ደፍ ላይ ሁለት ድንች አገኘች። ታጥበዋል። የቤቱን ቆጠራ እንዳያዛቡ የራሳቸውን ድንች ይዘው ነበር የመጡት።

እየሮጠች ክፍላቸው ደረሰች። አከራይዋ በመጀመሪያው ባቡር ወደ ጣልያን መሄዳቸውን ነገረቻት። ሐኪም የድንጋዩ ብናኝ ሳንባቸውን እንደጨረሰው የነገራቸው በዚያው ረቡዕ ነበር። ደብዳቤ ጻፈች፤ ደህና ነኝ የሚል አንድ መልስ መጣ። በየካቲት እኅታቸው ቴሌግራም ላኩ። ኦርሶላ ስትደርስ ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር።

ያን ረቡዕ የመጡት በልጃቸው ቤት የኋላይቱ ክፍል እንዲያስጠጓቸው ሊለምኑ እንደነበር አክስቷ ነገሯት። ቂም አልያዙም። እንዲያውም ለመንደሩ ሰው «ልጄ እዚያ ባለሙያ ሆናለች፣ አንዲት ድንች አትተርፋትም» እያሉ ይነግሩ ነበር አሉ።

ከሐዘን ስትመለስ ግን የባሰውን የነገሯት አማቷ ናቸው። ሁለቱ ድንች ዘንቢል ውስጥ ጎንቁለው ነበር። ወይዘሮ ሄርሚና ከየት እንደመጡ ሲሰሙ አንሥተው አዩዋቸውና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ለአባት ማን ይቆጥራል፣ ልጄ?» አሉ። «የኔን ሰጥቼው እኔ ዳቦ እበላ ነበር።»

ለወላጅ እንደማይቆጠር ማንም አስተምሯት አያውቅም ነበር፤ ለእነሱ የሚነገር ነገር አይደለማ።

ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ሰባት ዓመት ሁለት ድንች ትጨምራለች። ሰው ካልመጣ በማግሥቱ ትፈረፍራቸዋለች፣ የቆየ ፎርማጆ ፍቃ ከሽንኩርት ጋር መጥበሻ ላይ ትጥላለች፤ ሥሩ ሳያር ቡናማ ሲሆን በሳህን ገልብጣ ሌላውንም ፊት ትጠብሰዋለች። የአባቷ መንደር ምግብ ነው፣ ፍሪኮ ይሉታል። አብዛኛውን ቀን ፍሪኮውን ቆማ፣ ብቻዋን ነው የምትበላው።

ሳህኔን ጠርጌ በልቼ ስነሣ፣ ይህን ልጽፈው ነው አልኳት። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ትንሽ አሰበች።

«ለሚያነቡት ይህን ንገርልኝ» አለች። «ስትልጡ ሁለት ጨምሩ፤ ቢተርፍ ይጠበሳል፣ አይበላሽም። በራት ሰዓት በራችሁ ከተደወለ ደግሞ፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት እባካችሁ ኪሱን እዩለት።»